ሽማግሌዎቹ እስኪነሡ

ወንዳፈረው ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋ፤ እግሩን አነባበረ፤ መነጽር እንዳደረገ ሰው አገጩን ቀና አድርጎ «ይግቡ» አለ። ጴጥሮስ ገባ። ወንዳፈረው ራሱን ነቀነቀና መልሶ አስወጣው፤ በሩን ሲዘጋ ጀርባውን ለትልቅ ሰው ሰጥቷልና። በሁለተኛው ጎንበስ ማለቱ አነሰ። በሦስተኛው ደግሞ በዛና ወንዳፈረው ሳቅ አመለጠው።

«ዶክተር ነው የምታነጋግር፤ ታቦት አይደለም የምትሳለም። እናንተ የሚሲዮን ልጆች ደግሞ ድሮም መሳለም አታውቁበትም።»

ጴጥሮስ አልሳቀም። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዶክተር ተክለጊዮርጊስ የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው በላይ ባለው ሆቴል ሊያነጋግሩት ቀጥረውታል። ዶክተሩ ለራሳቸው ጥናት ወደ ዳምቦያና ወደ ሀደሮ ሲያልፉ ሆሳዕና ያድራሉ። በዚያ ዓመት ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያማክሩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ሌላ አመልካች አለ። እንግዲህ ጠዋት ያዩታል፣ ይወስዱታል ወይም ይተዉታል። ከተዉት፣ ለሆሳዕና አስተማሪ እንዲህ ያለ በር ሁለተኛ አይከፈትም።

ዘመኑ የስልሳዎቹ መጀመሪያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተማሪው መፈክር ያነሣል፤ አውራጃ ላይ ሹሙ የአስተማሪውን አፍ ይጠብቃል። ጴጥሮስ ሊያጠና ያሰበው የሀዲያ ሽማግሌዎች የደም ነገር እንዴት እንደሚጨርሱ ነበር። ሰው ሰው ሲገድል፣ ሁለት ጎሳ ጦር ሲማዘዝ፣ ሽማግሌ መካከል ገብቶ ተቀምጦ፣ ሰምቶ፣ ፈርዶ፣ ካሣ ቆርጦ ሲያስታርቅ ከልጅነቱ አይቷል። በማመልከቻው ላይ «የሀዲያ ሽማግሌዎች ዳኝነት» ብሎ ጽፎ ልኳል። አሁን ዶክተሩ የጥናቱን ሐሳብ በዝርዝር ተጽፎ ጠዋት እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ። የሚተይበው ወንዳፈረው ነው፤ የትምህርት ቤቱ ጽሕፈት መኪና በእሱ እጅ ናት።

ወንዳፈረው ዶክተሩን ያውቃቸዋል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪው ሲማር አስተምረውታል። አባቱ ከመንዝ መጥተው በአውራጃው ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ያረጁ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ሆሳዕና ተወልዶ በሀዲያ ልጆች መካከል አደገ፤ በሀዲይኛ መሳደብ ያውቃል፣ መጸለይ አያውቅም። ጴጥሮስን ይወደዋል። ስለሚወደውም ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ትንሽ ሊያደርገው ሲታገል ዋለ።

ትምህርቱ ይኸው ነበር። እጅህን ኪስህ አትክተት። እሳቸው ሳይቀመጡ አትቀመጥ፣ ስትቀመጥም የወንበሩን ጫፍ ብቻ ያዝ። ሲጠይቁህ ቶሎ አትመልስ፣ ችኩል ትመስላለህ፤ አትዘግይም፣ ደንቆሮ ትመስላለህ። ስለ መሬት ከጠየቁህ አላውቅም በል። አገርህ የት ነው ካሉህ ሸዋ ነው በል።

«ሸዋ?»

«ውሸት ነው? አውራጃችን ያለው ሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ አይደለም?»

አገራችን ትልቅ ሰው ፊት መቅረብን እንደ ሙያ ታስተምራለች፤ ከመቅረብ በኋላ ምን እንደሚባል ግን አታስተምርም። ስንቱ ብሩህ ልጅ ዕድሜውን በር አከፋፈት ሲለማመድ ጨርሶ፣ በሩ ሲከፈት የሚናገረው የለውም። ደጅ ጥናት ይሉታል። ጥናት ብለው መጥራታቸው ራሱ ያስቆጣል።

ጴጥሮስ ይህን ሁሉ እሺ እያለ ቆየ። ወንዳፈረው ግን የወረቀቱን የመጀመሪያ ገጽ አንሥቶ በእርሳስ አንድ ቃል ላይ መስመር ሲያሰምር ደሙ ፈላ። የተሰረዘው «ዳኝነት» ነው። በላዩ ላይ «ባህላዊ ልማድ» ተጽፎበታል።

ልማድ አይደለም፣ አለ ጴጥሮስ። ልማድ ማለት እሑድ ነጭ መልበስ ነው፤ የፈለገ ይለብሳል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ሽማግሌ የቆረጠውን ግን ማንም አይተወውም፤ የተወ ሰው እሳት የሚጭርለት ጎረቤት አያገኝም። የሚያስገድድ ነገር ሕግ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ወረቀቱ በሙሉ የቆመው በዚያ ቃል ላይ ነው፤ እሱን መሰረዝ ምሰሶውን ነቅሎ ጣራውን ቁም ማለት ነው።

ወንዳፈረው እስኪጨርስ ጠበቀው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለ ቀስ ብሎ። «ዳኝነት የማን ነው? የጃንሆይ ነው። አንተ ደግሞ ከጃንሆይ ችሎት ሌላ፣ ጓሮ እንሰት ሥር ሌላ ችሎት አለ ትላለህ። ዶክተሩ ገና መጀመሪያ ቀን ይኼን ከእጅህ ሊቀበሉ ነው? ግባ መጀመሪያ። ገብተህ፣ ከርመህ፣ ያኔ ዳኝነትም በለው፣ ቅዳሴም በለው።»

ጴጥሮስ ተነሥቶ በመስኮቱ ውጭ ተመለከተ። በቁጣው ላይ ፍርሃቱ ቀስ እያለ ሲወጣበት ይሰማዋል። አዲስ አበባ ያለው ሌላው አመልካች ማን ይሆን? እሱስ ምን ብሎ ይሆን የጻፈው? ተመልሶ ተቀመጠና «እንዳልከው ተይበው» አለ። ከዚያ በኋላ የወንዳፈረውን ፊት ማየት አስጠላው፤ የራሱንም ማየት ባይችል ነው እንጂ የባሰ ነበር።

ወረቀቱን ጠዋት ወንዳፈረው ራሱ ለዶክተሩ ሊያደርስለት፣ ጴጥሮስም ሦስት ሰዓት ሲሆን ሊደርስ ተስማምተው ተለያዩ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ዓለሚቱ በከሰል ካውያ ሸሚዙን ትተኩሳለች። አባትህ መጥተው ነበር አለችው። አቶ ባፈና ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጃጁራ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚኖሩ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ የሆኑ ገበሬ ናቸው። እንግዳው ሰውዬ የት ነው የሚያርፈው ብለው ጠይቀዋት ነገረቻቸው። ከዚያም ማን አብሮት ይሄዳል አሏት።

«ማንም፣ ብቻውን ነው አልኳቸው። ልጃቸውን የገደልኩባቸው ይመስል አዩኝ። ብቻውን? አሉ ሦስቴ። ከዚያ ቡናም ሳይጠጡ ወጡ።»

ጴጥሮስ አባቴ ሁሌም እንደዚያ ነው ብሎ አለፈው። ሌላ ቀን ቢሆን አያልፈውም ነበር። የሀዲያን ሽማግሌ ሥርዓት ሊያጠና የተነሣ ሰው፣ አባቱ ሦስት ጊዜ «ብቻውን?» ብለው ከቤቱ ሲወጡ ወዴት እንደሚሄዱ መገመት ነበረበት። ጭንቅላቱ ግን በወንበር ጫፍና በበር አዘጋግ ተሞልቶ ነበር። ቁጭ ብሎ መልሶቹን አነበነበ። አገሬ ሸዋ ነው። ስለ መሬት አላውቅም።

ጠዋት ለመውጣት ጫማውን ሲያስር ዓለሚቱ ከጓዳ ወጣችና የቅቤው ቅል ባዶ መሆኑን ነገረችው። ማልዶ አባትህ የላኩት ልጅ መጥቶ በኮባ ጠቅልሎ ወሰደው፤ ለሽማግሌ ነው አለኝ፣ አንተ የምታውቅ መስሎኝ ዝም አልኩ አለችው።

ጴጥሮስ የጫማውን ክር እንደያዘ ቀረ። አሁን ገባው። ልጅ ለረጅም ጊዜ ለባዕድ ሰው ሲሰጥ አባት ብቻውን አይሰጥም፤ ልጁም ራሱን አይሰጥም። ሽማግሌ ይሄዳል፣ ተቀባዩን ያያል፣ ይጠይቃል። እሱን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲያስገቡት እንኳ አባቱ ሽማግሌ ይዘው ፈረንጁ ዘንድ ሄደዋል፤ ፈረንጁ ምን እንደፈለጉ ሳይገባው ሻይ አጠጥቶ ሸኛቸው ይባላል። ሥርዓቱ ደግሞ አንድ የማይታለፍ ነገር አለው። ሽማግሌ ስለ አንተ ሲቀመጥ አንተ አትገባም፤ እነሱ እስኪነሡ ደጅ ትቆያለህ። አባትም ቢሆን ይቀመጣል እንጂ ስለ ልጁ አይናገርም። ልጁ ሳይጠራ ከገባ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ለእሱ አይቀመጡም፤ ቢጣላ አያስታርቁትም፣ ልጅ ቢድር አይመርቁለትም፣ ቢሞት ለቅሶው ላይ አይታዩም።

ከቤቱ እስከ ሆቴሉ ያለው ዳገት በሌሊቱ ዝናብ ጭቃ ሆኗል። እንደ ልጅ ሮጠው። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ከደረሰ ይመልሳቸዋል፤ ይለምናቸዋል፣ እግራቸው ላይ ይወድቃል። ቅቤ ይዞ ዶክተር ዘንድ መሄድ። ቅቤ። ሰውዬው ጉቦ ነው ቢሉስ? የአገሬ ሽማግሌ መማለጃ አይቀበልም ብሎ የጻፈው ወረቀት በሚደርሳቸው ጠዋት?

በሆቴሉ የቆርቆሮ በር ላይ ወንዳፈረው ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ወረቀቱን ሰጥቻቸዋለሁ አለ፤ ሰጥቼ ስወጣ እነዚህ ገቡ፤ ተቀምጠዋል።

ተቀምጠዋል። ጴጥሮስ የበሩን ምሰሶ ተደግፎ ወደ ውስጥ አየ። ግቢው ውስጥ ዝግባ ሥር ዶክተሩ ቁርስ ቀርቦላቸዋል፤ አጭር፣ ጠጉራቸው ገባ ገባ ያለ፣ ግራጫ ኮት የለበሱ ሰው ናቸው። ፊት ለፊታቸው በአንድ ረጅም አግዳሚ ላይ ሦስት ሰዎች በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው ተደርድረዋል። መጨረሻ ላይ አባቱ ናቸው፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። መካከል ላይ ያሉት አቶ ጠና ይናገራሉ። አቶ ጠና በወጣትነታቸው በወታደር ቤት አማርኛ የተማሩ፣ አንተና አንቱ የማይለዩ፣ ለአውራጃ ገዥውም አንተ የሚሉ ሰው ናቸው። የኮባው ጥቅል ከእንቁላሉ ሳህን ጎን ተቀምጧል።

ዶክተሩ መጀመሪያ ሽማግሌ ሲያዩ ለጋብቻ የመጡ መስሏቸው ነበር፤ ስለዚህም ያሉኝ ሁለት ወንዶች ልጆች ናቸውና ተሳስታችኋል ሲሉ ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

«ልጅ ልንለምንህ አልመጣንም» አሉ አቶ ጠና። «ልጅ ልንሰጥህ ነው። የምንሰጠውን ሰው እንወቀው ብለን ነው።»

ወንዳፈረው አንተ የሚለውን ሲሰማ ግንባሩን በእጁ ያዘ።

ጥያቄው ቀጠለ። የማን ልጅ ነህ፣ አባትህ በሕይወት አለ ወይ፣ ከጎረቤትህ ጋር ሰላም ነህ ወይ። ዶክተሩ ፈገግ እያሉ መለሱ፤ እንደ ጨዋታ ይዘውታል። ከዚህ በፊት የሰው ልጅ ወስደሃል ወይ ተባሉ። ወስጃለሁ፣ አራት አሉ። የት ናቸው? አንዱ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ውጭ አገር፣ አንዱ መምህር ነው አሉና ሻያቸውን አነሡ።

«አራተኛውስ?»

ሻዩ ከአፋቸው ሳይደርስ ተመልሶ ተቀመጠ። ፈገግታው ጠፋ። ሰዓታቸውን አዩ። ቀጠሮዬ ከልጁ ከራሱ ጋር ነው፣ ሰዓቱም አልፏል አሉ፤ ድምፃቸው አሁን የመምህር ድምፅ ሆኗል። ወዲያ ማዶ ላንድሮቨሩን ለሚወለውለው ሹፌር በእጃቸው ምልክት ሰጡት። ሞተሩ ተነሣ።

ወንዳፈረው የጴጥሮስን ክንድ ጨበጠ። «ግባ። ሊሄዱ ነው። አታይም? ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?»

«ተቀምጠዋል።»

«ኋላ ታስታርቃቸዋለህ። ልማድ ነው፣ ወህኒ አያስገባህ።»

እግሩ ሊገባ ተነሥቶ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ወንዳፈረው ባይናገር ምናልባት ይገባ ነበር። ልማድ ነው የሚለው ቃል ግን እግሩን ያዘው። ቢገባ፣ ትናንት በእርሳስ የተሰመረውን መስመር ዛሬ በእግሩ ማስመሩ ነው። ባይገባ ዶክተሩ ይሄዳሉ፣ በሩም ይዘጋል። አንድ እርምጃ ብቻ ሄደ፤ በሩ መካከል ላይ፣ ዶክተሩ ሊያዩት ከሚችሉበት ቦታ፣ ከመግቢያው መስመር በወዲህ ቆመ።

ዶክተሩ አዩት። ጴጥሮስ አንተ ነህ ብለው ጠየቁ፤ ነኝ አለ። ታዲያ ግባ አሉት።

«ሽማግሌዎቹ ሳይነሡ አልገባም።»

«እኔ የቀጠርኩህ ሰው ነኝ የምልህ፤ ግባ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ እኔ ተቀምጠዋል፤ እስኪነሡ መግባት አልችልም።»

ዶክተሩ ከሳህኑ አጠገብ የነበረውን የተተየበ ወረቀት አነሡና የመጀመሪያውን ገጽ ዘርግተው አሳዩት። ማመልከቻህ ላይ ዳኝነት ብለህ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ልማድ ሆኖ መጣ አሉ። «እዚህ የጻፍከው እውነት ከሆነ ልማድ ነው፤ ልማድ ከሆነ ግባ። ሕግ ከሆነ እዚያው ቁም፣ እኔም መንገዴን እሄዳለሁ። የቱ ነው?»

የላንድሮቨሩ ሞተር ያጉረመርማል። አቶ ጠና ነገሩን በከፊል የያዙት ይመስላል፤ አንገታቸውን አላዞሩም። አባቱም አላዩትም። ያጠናቸው መልሶች ሁሉ፣ ሸዋውም፣ የወንበሩ ጫፍም፣ አንዱም ለዚህ አይሆንም።

«ወረቀቱ ትክክል አይደለም» አለ።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ትክክል እንዳልሆነ እያወቅህ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ዶክተሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። ገና ሳያየኝ እኔን ፈርቶ የሚያምንበትን የሚሰርዝ ሰው፣ ነገ እውነተኛ አስፈሪ ሲመጣበት ምን ሊያስቀር ነው አሉ፤ ለጴጥሮስ ሳይሆን ለዝግባው የሚናገሩ ይመስል። ጴጥሮስ ጆሮው ድረስ ጋለ። ስድብ ቢሆን በስድብ ይመልስ ነበር፤ እውነት ስለሆነ ነው የቆመው።

የመለሰላቸው ወንዳፈረው ነው። ጴጥሮስን በትከሻው ገፋ አድርጎ በሩ ላይ ወጣ። ሌላውን በር አከፋፈት ሲያስተምር የዋለው ሰው፣ አሁን እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

«እኔ ነኝ የመከርኩት» አለ። «ነገም እመክረዋለሁ። እርስዎ ዳኝነት የሚለውን ቃል ወደውት ይዘውት አዲስ አበባ ይገባሉ። የእሱ ቤት ግን እዚህ ነው። የአውራጃው ሰዎች የጃንሆይን ዳኝነት ለገበሬ የሰጠ አስተማሪ የቱ ነው ብለው ሲመጡ፣ እርስዎ የት ይሆናሉ? ፈሪ ማለት ቀላል ነው፣ ላንድሮቨር ላይ ተቀምጦ።»

ሹፌሩ እንኳ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። ዶክተሩ ተማሪያቸው የነበረውን ሰው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ቁጣው ፊታቸው ላይ መጥቶ፣ ቆይቶ፣ የሚቀመጥበት አጥቶ ሄደ። አቶ ጠና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በእሳቸው በኩል የተቋረጠ ነገር አልነበረም፤ ያልተመለሰ ጥያቄ አለ።

«አራተኛው ልጅ» አሉ። «አልነገርከንም።»

ዶክተሩ ለሹፌሩ ሞተሩን እንዲያጠፋ በእጃቸው ነገሩት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ አግዳሚው አዙረው ተቀመጡ።

«ታስሯል» አሉ።

«ምን አድርጎ?»

«ጽፎ።»

«አንተ ያስተማርከውን?»

«ከፊሉን።»

«አንተ ምን አደረግህ?»

«ሁለት ጊዜ ልጠይቀው ሄድኩ። አላስገቡኝም።»

«ሦስተኛ አልሄድክም?»

ዶክተሩ አልሄድኩም አሉ። ሰበብ አልጨመሩም። ጴጥሮስ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ፤ አጠገቡ ያለው የወንዳፈረው ትንፋሽም ተሰማው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሲለማመደው የዋለው ያ አስፈሪ ሰው፣ ኮቱን ለብሶ፣ የአንድ እስረኛ ቤተሰብ ፊት እንደተቀመጠ ሆኖ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ወደ ዝግባው ማዶ ሄዱና በሀዲይኛ ተነጋገሩ። ረጅም ነበር። ሦስተኛው ሽማግሌ እንቢ ያሉ ይመስላል፤ በትራቸውን ሁለቴ መሬት ላይ መቱ። አቶ ባፈና በሥርዓቱ መሠረት ዝም አሉ፤ ብቻ መጨረሻ ላይ አቶ ጠና ጠጋ ብለው ሲጠይቋቸው ራሳቸውን ወደ ታች አንድ ጊዜ ነቀነቁ። ተመልሰው መጡና አቶ ጠና ለዶክተሩ ውሳኔውን ነገሯቸው። ሰውዬው አልዋሸንም። ስለዚህ ልጁን ሰጥተንሃል። ቢታሰር ግን አንተ ሦስተኛም አራተኛም ትሄዳለህ፤ ካልሄድክ እኛ አንተ ዘንድ እንመጣለን። ቅቤው ለሚስትህ ነው።

ዶክተሩ ይህን እሺ ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው። ቀላል እሺ እንዳልሆነ ከበሩ ላይ ሆኖ ይታያል። በመጨረሻ ተነሥተው የሦስቱንም እጅ ጨበጡ፤ እሺ አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አባቱ በጴጥሮስ ጎን አለፉ። አላናገሩትም፤ ጭቃ የነካውን የሱሪውን እግር ግን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። አቶ ጠና «አሁን ግባ» አሉት።

ገባ። በሩን እንዴት እንደዘጋው፣ ወይም ዘግቶት እንደሆነ፣ ኋላ ላይ ሊያስታውስ አልቻለም። ዶክተሩ ተቀመጥ ሳይሉት ነበር ወደ ነገራቸው የገቡት። የሰጡህ እነሱ ናቸው፣ እኔ ገና አልተቀበልኩህም አሉት። ሕግ ነው ብለህ ታምናለህ፤ እኔ አላምንም። ሕግ የሚባለው የሚጻፍና በመንግሥት የሚጸና ነው ብዬ ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በአንድ ጠዋት የቆምክበት በር አይለውጠኝም። በየገጹ እሟገትሃለሁ። ባላሳመንከኝበት ገጽ ትወድቃለህ፤ ፈርተህ በሰረዝክበት ገጽ ግን በዚያው ዕለት ትሰናበታለህ።

«ከዚህ ጋር ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«ጓደኛህ የተናገረውንም እንዳትረሳ። ልጠብቅህ እችላለሁ ብዬ አልዋሽህም። ለሽማግሌዎቹም ያላልኩትን ለአንተ አልልም።»

ለጥቅምት አዲስ አበባ እንዲመጣ፣ የመጀመሪያውንም ገጽ እንደ ነበረ መልሶ እንዲያመጣ ነገሩት። ከዚያ ስለ ደም ካሣ አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ መለሰ፤ አይ አሉ፣ ተሟገታቸው። ሲሟገት ወንበሩን ሞልቶ እንደተቀመጠ ያወቀው ጀርባው መደገፊያውን ሲነካው ነው። ላንድሮቨሩ ወደ ዳምቦያ ሲወጣ ፀሐይ ከፍ ብላለች።

ወንዳፈረው ከሆቴሉ በታች መንገድ ዳር ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። ጴጥሮስ ተቀበሉኝ አለው። ደስ ብሎኛል አለ ወንዳፈረው፤ ለቅሶ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበረው። አብረው ቁልቁል ወረዱ። ገበያተኛው ከጃጁራ በኩል መንገዱን ሞልቶ ይመጣል፤ ጭነት የተጫኑ በቅሎዎች፣ ኮባ የተሸከሙ ሴቶች በመካከላቸው እየገቡ ያልፋሉ። ጴጥሮስ በሩ ላይ ስለ ተናገርከው ሊል ጀመረ፤ ወንዳፈረው ሲጋራውን ጭቃው ላይ ጥሎ ረገጠው።

«ከእንግዲህ ስለ ወረቀትህ አታጫውተኝ» አለ። «ምን እንደጻፍክ አትንገረኝ፣ አታሳየኝ። መጥተው ሲጠይቁኝ አላውቅም ስል እውነት እንዲሆንልኝ።»

ጴጥሮስ ሊቆጣ ፈለገ። ከትናንት ጀምሮ ሲቆጣ ነበር የዋለው፤ ለዚህ ግን የሚሆን ቁጣ ከየትም አላገኘም። እሺ አለው። ገበያው መግቢያ ላይ ወንዳፈረው ወደ ትምህርት ቤቱ በኩል ታጠፈ፤ እሱም ገበያተኛውን እየገፋ ወደ ቤቱ ሄደ።